አጭር ጥላ፦ የምዕራብ ጎጃም ልጆች፣ ፀሐይና ቫይታሚን ዲ

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በፍኖተ ሰላም፣ ፈረቃ ባላቸው ትምህርት ቤቶች በር፣ የጠዋቶቹ ሲወጡ የከሰዓቶቹ ይገባሉ። አንዱ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጉጧል፤ ሌላዋ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ከሙቀቱ ትከለላለች። ባጃጆች እየተሹለከለኩ ያልፋሉ። የልጆቹ ጥላ ግን እግራቸው ሥር ተሰብስቧል፤ ከቁመታቸው እጅግ ያጠረ ነው።

ያ አጭር ጥላ ስለ አጥንታቸው የሚለው ነገር አለ። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው አልትራቫዮሌት ቢ በሚባለው የፀሐይ ጨረር ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጨረሩ ረጅም አየር አቋርጦ ስለሚመጣ አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል። ከፍ ስትልና ጥላችን ከቁመታችን ሲያጥር ግን በበቂ መጠን ይደርሰናል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ አለፍ ብለው፣ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በዚህ ቦታ በታኅሣሥ ቀዝቃዛ ቀን እንኳ የእኩለ ቀን ጥላ ከሰው ቁመት አይበልጥም። በሚያዝያ ደግሞ ፀሐይዋ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች።

ታዲያ እንዲህ ባለ አገር ስለ ቫይታሚን ዲ እጥረት ማውራት ምን አመጣው? አገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ የኖሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» ብለው የሰየሙት እኮ ይህንኑ ፀሐይ ነው።

መልሱን ፍለጋ ወደ አዳማ መሄድ ያስፈልጋል። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ ጥናት በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር የሚማሩ 174 ልጆችን ደም መርምሮ ነበር። ተመራማሪዎቹ ርዕሱ ላይ ራሱ «13 ወር ፀሐይ ያለባት አገር» የሚለውን ሐረግ አስገብተውታል። ውጤቱ ከመቶ 42ቱ ልጆች እጥረት እንዳለባቸው አሳየ። ቁጥሩ ለሁለት ሲከፈል ነው ነገሩ ይበልጥ የሚገርመው፦ ከገጠር ልጆች ከመቶ 21 ገደማ፣ ከከተማ ልጆች ግን ከመቶ 62 ገደማ። ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒዩተር ያለበት ቤት፣ የተሻለ ኑሮ፣ የበለጠ የተማረች እናት፣ ወፈር ያለ ሰውነት፤ በሌላው የጤና ጉዳይ እንደ በጎ ምልክት የምናያቸው ነገሮች ብዙዎቹ እዚህ ከእጥረቱ ጋር ተያይዘው ተገኙ። ከብት የሚጠብቀው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ኮረኮንች ረግጦ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው ልጅ ከፀሐይ የሚያገኘውን፣ ግቢው በቆርቆሮ የታጠረበት የከተማ ልጅ አያገኝም።

ይህ ለምዕራብ ጎጃም ትልቅ ትርጉም አለው። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያደጉ፣ በየዓመቱ የሚሰፉ ከተሞች ናቸው። የጃቢ ጠህናን፣ የወንበርማና የደንበጫ ገበሬ ልጁን ለተሻለ ትምህርት ወደ ዘመድ ቤት፣ ወደ ከተማ ይልካል። በእኔ እምነት ስለ ቫይታሚን ዲ ስናወራ ስለ «ኢትዮጵያ ልጆች» በጅምላ መናገራችንን ማቆም አለብን። እረኛው ልጅና የፎቅ ቤቱ ልጅ የሚጎድላቸው አንድ ዓይነት ነገር አይደለም።

ቆዳ ጥቁር ሲሆን ጨረሩን ስለሚመክት፣ ተመሳሳይ መጠን ለመሥራት ነጭ ቆዳ ከሚፈልገው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። መስታወትም ጨረሩን ያስቀረዋል፤ በመስኮት በኩል የሚሞቅ ሕፃን ሙቀቱን እንጂ ቫይታሚኑን አያገኝም። ክረምቱም አለ። የጎጃም ሰማይ ከሰኔ እስከ መስከረም መባቻ ሲጠቁር፣ ልጆች ጋቢና ፎጣ ተከናንበው እሳት ዳር ሲሰበሰቡ፣ በደም ውስጥ ያለው ክምችት በሁለትና በሦስት ሳምንት በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። በ1999 የታተመና ኢትዮጵያውያንን ከኖርዌያውያን ያነጻጸረ ጥናት በኢትዮጵያውያኑ ደም ውስጥ ያነሰ መጠን ማግኘቱ ብዙዎችን አስደንግጦ ነበር። ኖርዌያውያን በረጅሙ ክረምታቸው ዓሣና የዓሣ ዘይት ይመገባሉ፤ እኛ ፀሐይዋን ብቻ ተማምነናል።

ቫይታሚን ዲ የሚፈለግበት ዋና ምክንያት ካልሲየም ከምግብ ወደ ደም እንዲገባ በር የሚከፍት መሆኑ ነው። በሩ ሲዘጋ አጥንት ይለሰልሳል፤ ሐኪሞች ሪኬትስ ይሉታል። በ1919 በርሊን ውስጥ ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም በጦርነትና በረሃብ የተጎዱ የሪኬትስ ሕሙማን ልጆችን በልዩ መብራት ያክም ነበር። የአንድ እጃቸውን ብቻ ለብርሃኑ ሲያጋልጥ ብርሃን ያልነካው ሌላው እጅም አብሮ ዳነ። ቆዳው የሠራው ነገር በደም መላ አካልን እንደሚያዳርስ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ እግሩ የተወላገደ ልጅ ያየ ሰው የሚያየው የዛሬን እጥረት ላይሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ያ እግር የታመመው ከአምስትና ከስድስት ዓመት በፊት፣ ልጁ በጀርባ ታዝሎ ሳለ ነው። ስለዚህ የተማሪውን ጉዳይ ለመረዳት ወደ አራስ ቤት መመለስ ግድ ይላል።

በጎጃም ገጠር በየጤና ኬላው የሚሰማ ንግግር አለ። ወጣቷ እናት ልጇን በጨርቅ ላይ ጨርቅ ደራርባ ትመጣለች። «ኧረ እህቴ፣ ፀሐዩ ሳይበርድ አላወጣውም፤ ምች ቢመታብኝስ?» ትላለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም «አይመታውም እናቴ። አናቱን በሻሽ ከልይለት፤ ገላውንና እግሩን ግን ግለጭው» ብላ ትመልሳለች። አያት ከጎን ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምች ለእሳቸው ወሬ አይደለም፤ ላብ ላይ ወይም ሽታ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ ትኩሳትና የከንፈር ቁስል የሚያመጣ፣ ዳማ ከሴ ታሽቶ ጭማቂው የሚጠጣለት ሕመም ነው። ዓይንም ይፈራል፤ አራስ ለሰው ዓይን በግላጭ አይሰጥም። እነዚህን ፍርሃቶች ንቆ የሚመክር ባለሙያ የሚሰማው አያገኝም።

ምክሩ ራሱም መስተካከል ያለበት ይመስለኛል። እናቶች ሕፃኑን ጠዋት በማለዳ ፀሐይ እንዲያሞቁ ይነገራቸዋል። በማለዳ ግን ጥላው ረጅም ነው፤ ሙቀቱ ቢኖርም ጨረሩ ጥቂት ነው። ቆዳ በደንብ የሚሠራው ከረፋዱ 4 ሰዓት ወዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ደግሞ ለሕፃን ቆይታው አጭር መሆን አለበት። በ2016 የሕፃናት ሐኪሞች በዓለም አቀፍ ደረጃ የተስማሙበት መመሪያ ይህን የሰዓት ስሌት ለእናት አይተውም፤ ማንኛውም ሕፃን እስከ አንድ ዓመቱ በየቀኑ 400 ዓለም አቀፍ ዩኒት ቫይታሚን ዲ በጠብታ ያግኝ ይላል። የእናት ጡት ወተት ለብዙ ነገር የሚበቃ ቢሆንም በቫይታሚን ዲ ድሀ ነው። እንደ ምዕራብ ጎጃም ባለ ቦታ አንድ መድኃኒት ብቻ ግዙ ብባል ለተማሪው ከሚሆነው ኪኒን በፊት የሕፃኑን ጠብታ እገዛለሁ።

ለዚህ የሚያበቃ የራሳችን ማስረጃ አለ። እነ ዶክተር ሉሉ ሙሄና ዶክተር ስለሺ ሉልሰገድ በአዲስ አበባው ኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሠሩት ጥናት በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 500 የሳንባ ምች ሕሙማንን ከ500 ሌሎች ልጆች ጋር አወዳደሩ። ከሳንባ ምች ታማሚዎቹ ከመቶ 42ቱ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ከሌሎቹ ከመቶ 4ቱ ብቻ። ሌሎች ምክንያቶች ከተጣሩ በኋላም ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ከ13 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የለሰለሰ የጎድን አጥንት ደረትን አጽንቶ አይዝም፤ ልጁ አክታውን ማስወጣት፣ በጥልቅ መተንፈስ ያቅተዋል። ስለዚህ ሪኬትስ የእግር መወላገድ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ሕፃን ይገድላል።

ወደ ተማሪው ስንመለስ ታሪኩ ይለወጣል። ባለፉት ዓመታት ቫይታሚን ዲ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ነው የሚል ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያም በፋርማሲም ተሰራጭቷል፤ ለጉንፋን፣ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለቁመት፣ ለአእምሮ። ይህን በትልቅ ደረጃ የፈተሹት ሞንጎሊያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። በኡላንባታር 8,851 ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለሦስት ዓመት በየሳምንቱ 14,000 ዩኒት ወሰዱ። አብዛኞቹ ሲጀምሩ እጥረት የነበረባቸው ናቸው። በ2020 የወጣው ውጤት እንዳሳየው በደማቸው ያለው መጠን ከፍ ቢልም በሳንባ ነቀርሳ ጀርም መያዛቸው አልቀነሰም። በኬፕ ታውንም 1,682 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሽ ገደማዎቹ በየሳምንቱ 10,000 ዩኒት ለሦስት ዓመት ቢሰጣቸውም ውጤቱ ያው ሆነ። በሌላ በኩል በዚያው በሞንጎሊያ፣ ጥቂት መቶ ተማሪዎች በተሳተፉበት ሌላ ጥናት፣ በክረምት በቫይታሚን ዲ የበለጸገ ወተት የጠጡት በጉንፋንና በመሰል ሕመም የመያዛቸው ነገር በግማሽ ገደማ ቀንሶ ነበር። እኔ ከእነዚህ የምረዳው፣ እጥረት ያለበትን ልጅ ማከም ተገቢ ሲሆን፣ ለተማሪ ሁሉ ኪኒን ማደል ግን የተባለውን ያህል ፍሬ እንደማያፈራ ነው።

የጎጃም የገጠር ልጅ ደግሞ ከቫይታሚን ዲ ይልቅ ሌላ ነገር ሊጎድለው ይችላል፤ ካልሲየም። በ1999 ከናይጄሪያ የወጣ ጥናት ሪኬትስ ያለባቸው 123 ልጆችን አከመ። ፀሐይ የጠገቡ ልጆች ነበሩ። ካልሲየም የተሰጣቸው፣ ቫይታሚን ዲ ብቻ ከወሰዱት ይልቅ በእጅጉ ዳኑ። በሩ ክፍት ቢሆንም የሚገባ ነገር ከሌለ አጥንት አይጠነክርም። አንድ ልጅ በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በታች ካልሲየም የሚያገኝ ከሆነ ፀሐይ ቢሞቅም ለሪኬትስ ይጋለጣል።

እዚህ ላይ የምዕራብ ጎጃም ማሳ ብዙ ያስተምራል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ግራና ቀኙ በክረምት በቆሎ ነው፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የቀየሩት አገር። በቆሎ ሆድ ይሞላል፣ ገበያም ያወጣል፤ በካልሲየም ግን ከንቱ ነው፤ በ100 ግራም ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ። ጤፍ ከ150 ሚሊ ግራም በላይ አለው። ዳጉሳ ግን 340 ሚሊ ግራም አካባቢ ይዟል፤ ከእህል ሁሉ የሚስተካከለው የለም። ያ «የድሀ እህል» እየተባለ ለጠላና ለአረቄ የሚተው፣ ለእንጀራ ሲሆን ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ጠቆር ስለሚል በእንግዳ ፊት የሚያሳፍረው ዳጉሳ ለሚያድግ ልጅ አጥንት ከሁሉ ይልቃል። ሊጡ በእርሾ መቡካቱም ይረዳል፤ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል። ጓሮ ያለው የሀበሻ ጎመንም ቢሆን እንደ ተራ ነገር መታየት የለበትም።

ወተትስ? ላም ያለው ቤት አለ፤ ግን ወተቱ ለቅቤ ይናጣል፣ ቅቤው ቅዳሜ ለገበያ ይወጣል። ልጁ አሬራ ይደርሰዋል፤ አሬራ ካልሲየሙ ስላልወጣ ጥሩ ነው። ጾምም አለ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ጾም ይለምዳል፤ ትምህርት የሚጀምርበት ዕድሜም እሱው ነው። በዓመት ከግማሽ የሚበልጠው ቀን ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ ከማዕድ ይወጣሉ። ይህን የምጽፈው ጾሙን ለመንቀፍ አይደለም፤ በጾም ቀን ልጁ ምን ይብላ የሚለው ጥያቄ የካህኑም የወላጁም የጤና ባለሙያውም ሊሆን ይገባል ብዬ ስለማምን ነው።

በጾም ወጥ ውስጥ የሚገባው ዘይት ነው። ቡሬም የዘይት ከተማ ሆናለች። ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ሲመረቅ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሯል። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ የምግብ ዘይት በቫይታሚን ኤ እና በቫይታሚን ዲ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ አገራዊ ደረጃ ጸደቀ። ቫይታሚን ዲ በስብ የሚሟሟ ነው፤ ዘይት ደግሞ ሀብታምም ድሀም፣ በፍስክም በጾምም የሚገዛው ነው። ማንም እናት ጊዜ ሳትቆጥር፣ ማንም ልጅ ኪኒን ሳይውጥ በወጥ ውስጥ ይደርሳል። ለተማሪው ከኪኒን ዘመቻ ይልቅ ይህን መንገድ የምመርጠው ለዚህ ነው።

ግን ከፋብሪካ በር እስከ ድስት ያለውን መንገድ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ቡሬ ውስጥ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ሃያ ሊትር የያዘ ቢጫ ጀሪካን ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ልጅ ትመጣለች፤ ሃይላንድ ይዛለች፣ ክዳኑ የላላ፣ ግድግዳው ከብዙ አገልግሎት የደበዘዘ። «ጋሼ፣ ሩብ ሊትር» ትላለች። ባለ ሱቁ በማስቀጃ ይቀዳላታል። ጀሪካኑ ላይ ቫይታሚን ይኑር አይኑር የሚያወራው ጽሑፍ እሷ ቤት አይደርስም። ብርሃን ደግሞ በዘይት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ ያጠፋል፤ ቫይታሚን ዲንም ይጎዳል። ጀሪካኑን ወደ ጥላ ማስገባት ምንም ወጪ የለውም፤ ነጋዴው ግን ሊነገረው ይገባል። የኑግ ዘይት በየወፍጮ ቤቱ አስጨምቆ የሚጠቀመው ገበሬም በዚህ መንገድ አይደረስም።

በጨው ያየነው ትምህርት አለ። ጎጃም ደጋው በእንቅርት የሚታወቅ አገር ነበር። በ2003 ዓ.ም. ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ሕግ ወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዮዲን ያለበት ጨው ከአብዛኛው ቤት ደረሰ፤ ሲለካ ግን በብዙው ጨው ውስጥ የነበረው አዮዲን ከሚፈለገው በታች ነበር። ዘይቱም በወረቀት ላይ በልጽጎ እንዳይቀር ከሱቅ መደርደሪያ እየተወሰደ መለካት አለበት። ሌላም ጥያቄ ይነሣል፤ ቫይታሚን ዲ3 በአብዛኛው ከበግ ሱፍ ቅባት ነው የሚሠራው። የጾም ነው ወይስ አይደለም የሚል ጥርጣሬ በገበያ ከመናፈሱ በፊት ከቤተ ክርስቲያን አባቶች ጋር በግልጽ መነጋገር ይሻላል።

ለልጃቸው ኪኒን ለመስጠት የሚቸኩሉ ወላጆችም አሉና ስለ መጠን ጥቂት ልበል። ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ልጅ በቀን 600 ዩኒት ይበቃዋል። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላለ ከ4,000፣ ከአራት እስከ ስምንት ላለ ከ3,000 ዩኒት ማለፍ የለበትም። ፋርማሲ ውስጥ 50,000 ዩኒት የያዘ እንክብል አለ፤ ለታመመ ሰው በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ እንጂ «አጥንት ያጠነክራል» ተብሎ በየቀኑ ለልጅ የሚሰጥ አይደለም። ሲበዛ ካልሲየም በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ልጁ ያስመልሰዋል፣ ውኃ ውኃ ይለዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል።

ልጆችን በጅምላ ለማግኘት ትምህርት ቤት ጥሩ መንገድ ነበር፤ የሆድ ትላትል መድኃኒት የሚታደለው በዚያ ነው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ፍኖተ ሰላምም ጉዳቱ ከደረሰባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በር የተዘጋበት ልጅ ትምህርቱን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ሜዳውንም፣ የመንገዱን ፀሐይም፣ እግሩን የሚያይለትን መምህርም ነው። በየትኛውም የተማሪ ጤና ዕቅድ ውስጥ የመጀመሪያው መስመር ልጆቹ ወደ ግቢያቸው መመለሳቸው መሆን አለበት።

እስከዚያው ድረስ ወላጅና መምህር ማየት የሚችሉት ነገር አለ። እርግብግቢቱ ዘግይቶ የሚገጥም፣ ጥርሱ የዘገየ፣ ዓመት ተኩል አልፎት የማይራመድ ሕፃን፤ የእጁ አንጓ ያበጠ የሚመስል፣ ጉልበቶቹ የሚጋጩ ወይም የሚራራቁ፣ ሲሮጥ እግሬን አመመኝ የሚል ተማሪ። እንዲህ ያለ ልጅ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሆስፒታል ቢደርስ የእጅ አንጓ ራጅ ብዙውን ነገር ያሳያል። ሕክምናው ቢያንስ 12 ሳምንት የሚቆይ ነው፤ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ3,000 እስከ 6,000 ዩኒት፣ ከእሱም ጋር 500 ሚሊ ግራም ካልሲየም በምግብ ወይም በመድኃኒት። አጥንቱ መዳን ሲጀምር በራጅ ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይታያል፤ የትንንሾቹ እግርም ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና እየተቃና ይሄዳል። በሦስት ወር ውስጥ ለውጥ ካልመጣ ግን ችግሩ ከኩላሊት ወይም ከዘር የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ መጠኑን እየጨመሩ ከመቆየት ይልቅ ልጁን ባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መላክ ያስፈልጋል።